ኢንተርፌሮን፦ ሰውነት ቫይረስን የሚመክትበት ፕሮቲንና የሰዓቱ ጉዳይ

ጅማ ውስጥ የዝናቡ ወቅት ረጅም ነው፤ ጉንፋንና ሌሎች የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች በጤና ጣቢያዎችና በግል ክሊኒኮች ደጃፍ ወረፋ የሚያበዙበት ጊዜም እንዲሁ ረጅም ነው። ትኩሳትና ቁርጥማት ጀምሮት መድኃኒት ቤት የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይጠይቃል፦ አሞክሳሲሊን፣ «የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያጎለብት» ቪታሚን፣ ወይም ቶሎ ወደ ሥራ የሚመልስ መርፌ። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የሰውነትን የመከላከያ ምላሽ የሚያበርደው ዴክሳሜታሶን ይሆናል። ከሦስቱም ጥያቄዎች በስተጀርባ ያለው ግምት አንድ ነው፤ ሰውነት በቫይረስ ሲጠቃ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ፣ ከውጭ ርዳታ ካልመጣለት በቀር በራሱ ምንም የማያደርግ ተደርጎ ይታሰባል።

እውነታው ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ቫይረስ አንድ ሕዋስ ውስጥ በገባ በሰዓታት ጊዜ ሕዋሱ ልዩ ልዩ የመከላከያ ፕሮቲኖችን ማምረት ይጀምራል፤ ሕመምተኛው መታመሙን ከማወቁም በፊት ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። ስለ እነዚህ ፕሮቲኖች የታወቀው ነገር፣ በተለይም ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ የተገኘው ትምህርት፣ «አቅም ማጎልበት» የሚለውን አስተሳሰብ ራሱን እንድንመረምር ያስገድደናል። ጉዳዩ ከመጠን ይልቅ የሰዓት ጉዳይ ነውና። በመጀመሪያው ቀን ሕይወት የሚያድነው ፕሮቲን በአሥረኛው ቀን ሊጎዳ ይችላል፤ በአሥረኛው ቀን ሕይወት የሚያድነው መድኃኒትም በመጀመሪያው ቀን ከተሰጠ ያንኑ ጠቃሚ ፕሮቲን ያፍናል።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው የኢንተርፌሮን ግኝት መነሻ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ነበር። በአንድ ቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ሌላ ቫይረስ ሲመጣበት ብዙ ጊዜ እንደማይያዝ ተመራማሪዎች ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ሚል ሂል በሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም፣ ስኮትላንዳዊው አሊክ አይዛክስና ስዊዘርላንዳዊው ዣን ሊንደንማን በሙቀት ኃይሉን ያጣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን ከዶሮ ሽል ከተወሰደ ስስ ሽፋን ጋር አቆዩት። ከዚያም ሽፋኑ የነበረበትን ፈሳሽ ወስደው ቫይረስ ነክቶት በማያውቅ ሌላ ሽፋን ላይ ሲያፈስሱት፣ አዲሱ ሽፋን ሕያው ቫይረስ ሲቀርብለት መቋቋም ቻለ። ፈሳሹ ውስጥ ሕዋሳቱ ራሳቸው ያመነጩት አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው፤ ኢንተርፌሮን ብለው ሰየሙት። ጃፓናውያኑ ያሱኢቺ ናጋኖና ያሱሂኮ ኮጂማ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብለው በጥንቸል ላይ በሠሩት ጥናት ተመሳሳይ ነገር ማየታቸውን መጥቀስ ይገባል፤ ሥራቸው የሚገባውን ያህል ሳይታወቅላቸው ረጅም ጊዜ ቆይቷል።

አሠራሩን ለመረዳት በገጠር መንደር ሌሊት እሳት ሲነሳ የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል። ቤቱ የተያያዘበት ሰው ኡኡ ይላል፤ የእሱ ቤት ላይተርፍ ይችላል፤ ኡኡታውን የሰማው ጎረቤት ግን ነበልባሉ ሳይደርስበት ውሃ ቀድቶ የሣር ክዳኑን ያርሳል። በቫይረስ የተያዘው ሕዋስም እንዲሁ ያደርጋል። ውስጡ ያሉት ሪግ-አይ እና ኤምዲኤ-5 የተባሉ ፕሮቲኖች የቫይረሱን አርኤንኤ (የዘር መረጃ የሚሸከም ሞለኪውል) ከራሱ ከሕዋሱ አርኤንኤ ለይተው ያውቃሉ፤ ሲጋስ የተባለው ደግሞ ሊገኝ በማይገባው ቦታ የተገኘን ዲኤንኤ ይለያል። ባዕድ ነገር መግባቱ ሲታወቅ ሕዋሱ ኢንተርፌሮን ወደ ውጭ ይረጫል፤ ኢንተርፌሮኑም በዙሪያው ያሉት ጤነኛ ሕዋሳት ላይ ባለው ተቀባይ ላይ ያርፋል። ቫይረሱን በቀጥታ የሚነካው ኢንተርፌሮኑ ራሱ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሥራው መልእክት ማድረስ ነው።

መልእክቱን የተቀበለው ሕዋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ መሎችን ያነቃል፤ እውነተኛው ውጊያ የሚካሄደው በእነዚህ ዘረ መሎች ትእዛዝ በሚመረቱት ፕሮቲኖች ነው። ፒኬአር የተባለው ፕሮቲን የቫይረስ አርኤንኤ ሲያገኝ የሕዋሱን የፕሮቲን ማምረቻ ያስቆማል። ቫይረስ የራሱ ማምረቻ የለውም፤ የሚራባው የያዘውን ሕዋስ ማምረቻ ተጠቅሞ ስለሆነ፣ ማምረቻው ሲቆም እሱም ይቆማል። ኦኤኤስ የተባሉት ፕሮቲኖች ደግሞ አርኤንኤን የሚቆራርጥ ሌላ ፕሮቲን ያነቃሉ፤ ይኸኛው የቫይረሱን አርኤንኤ ሲቆራርጥ የሕዋሱን የራሱንም አይምርም። አይኤፍአይቲኤም-3 የሚባለው በር ላይ ይቆማል፤ ቫይረሱ የለበሰው ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ተዋህዶ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በዚህ ፕሮቲን ዘረ መል ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ ያላቸው ሰዎች በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል ከገቡት ሕሙማን መካከል ከሚጠበቀው በላይ እንደሚገኙ አሳይቷል። ኤምኤክስ የተባለው ፕሮቲን ታሪክም የራሱ የሆነ ውበት አለው። ሊንደንማን ከኢንተርፌሮን ግኝት ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሌሎቹን አይጦች የሚገድል ኢንፍሉዌንዛ ምንም የማያደርጋቸው የአይጥ ዝርያ አገኘ፤ ያንን ጽናት የሰጣቸው ነገር ከጊዜ በኋላ ሲጠና በኢንተርፌሮን ትእዛዝ የሚመረት አንድ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። የሰው አካል የሚያመርተው ኤምኤክስኤ የዚያ ፕሮቲን ዘመድ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የራስን ማምረቻ ማስቆም፣ የራስን አርኤንኤ መቆራረጥ፣ አልፎም የተያዘው ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግ ዋጋ የሚያስከፍል መከላከያ ነው፤ ዋጋውንም ሕመምተኛው ይሰማዋል። ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ የጡንቻ ቁርጥማቱና ከአልጋ አላስነሣ የሚለው ድካም በብዛት የሚመጡት ቫይረሱ በሠራው ጉዳት ሳይሆን ሰውነት በሚሰጠው ምላሽ ምክንያት ነው። ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ የተገኘው ኢንተርፌሮን መድኃኒት ከሆነ በኋላ ነው። ፊንላንዳዊው ካሪ ካንቴል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከቀይ መስቀል የደም ልገሳ ከተገኙ ነጭ የደም ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ያመርት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ የቻርልስ ቫይስማን ቡድን ዙሪክ ውስጥ ከኢንተርፌሮን ዓይነቶች የአንዱን፣ የኢንተርፌሮን አልፋን፣ ዘረ መል ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቶ ፕሮቲኑን በብዛት የማምረትን መንገድ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሄፓታይተስ ሲ የተባለ የጉበት በሽታ የያዛቸው ሕሙማን ብዙ ጊዜ እስከ 48 ሳምንታት ድረስ መርፌውን ይወስዱ ነበር፤ መርፌው በተሰጣቸው ዕለትም ኢንፍሉዌንዛ ሳይዛቸው የኢንፍሉዌንዛ ትኩሳትና ቁርጥማት ይይዛቸው ነበር። ብዙዎች በድባቴ ተሠቃይተዋል፤ የደም ሕዋሳታቸው የቀነሰባቸውም ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ እንደ ሶፎስቡቪር ያሉ ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቁ እንክብሎች መጥተው ከመቶ ከ95 የሚበልጡትን ሕሙማን በጥቂት ወራት የሚፈውሱ በመሆናቸው፣ ለዚህ በሽታ ኢንተርፌሮን መውጋት ቀርቷል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ እናቶቻችን «ብርድ መታህ» ሲሉ ከእውነት ሙሉ በሙሉ እንዳልራቁ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ብርድ ብቻውን ቫይረስ አይፈጥርም፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2015 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዋነኛው የጉንፋን መንስኤ የሆነውን ራይኖ ቫይረስ በአይጥ የአየር ቧንቧ ሕዋሳት ላይ ሲያጠኑ፣ ሕዋሳቱ የአፍንጫ ውስጥ ሙቀት በሆነው 33 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጡት የኢንተርፌሮን ምላሽ በ37 ዲግሪ ከሚሰጡት የደከመ ሆኖ አግኝተውታል። ቫይረሱ ሳንባን ትቶ አፍንጫን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ዳማከሴው ወይም የዝንጅብል ሻዩ ቫይረሱን ይገድላል ባይባልም፣ ተሸፋፍኖ መተኛትና መሞቅ ከንቱ ልማድ አለመሆኑን ግን ለመቀበል አልቸገርም።

ቫይረሶችም ለዚህ መከላከያ መልስ አዘጋጅተዋል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ኤንኤስ-1 በተባለ ፕሮቲኑ ማንቂያውን ያፍናል፤ የኮቪድ-19 ቫይረስም ምላሹን የሚያዘገዩ በርካታ ፕሮቲኖች አሉት። ከሁሉም የሚያሳስበው የማርበርግ ቫይረስ ስልት ነው። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሰቱን ሲያረጋግጥ፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕሙማን በሪፈራል የሚላኩባት ጅማ ዜናውን የሩቅ አገር ወሬ አድርጋ ልታልፈው የምትችል አልነበረችም። ማርበርግ ቪፒ-35 በተባለ ፕሮቲኑ አርኤንኤውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ የተያዘው ሕዋስ ኢንተርፌሮን እንዳይረጭ ይሆናል። ቪፒ-40 የተባለው ሌላው ፕሮቲኑ ደግሞ ጃክ-1 የተባለውን የመልእክት አስተላላፊ ያደናቅፋል፤ ስለዚህ ጎረቤት ሕዋስ የደረሰውን መልእክት እንኳ ሳይሰማ ይቀራል። ሁለቱም ወገን ሲዘጋ ቫይረሱ ያለ ከልካይ ይባዛል፤ ሰውነት ዘግይቶ ሲነቃ የሚሰጠው ምላሽ ከልክ ያለፈና የደም ሥሮችን የሚጎዳ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምልክቶች ከወባ የማይለዩ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል፤ በበሽታው የተያዘ ሰው ቫይረሱ ከገባበት ቀን አንሥቶ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 21 ቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ የንክኪ ክትትል ሦስት ሳምንት የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ግን ከመዋጋት መደበቅን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺምፓንዚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቫይረሱ ጉበት ውስጥ በሚስፋፋባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የኢንተርፌሮን ዘረ መሎች ጨርሶ እንዳልነቁ አሳይቷል። ትኩሳት የለም፤ ቁርጥማት የለም፤ ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ የሚሄድበት ምክንያትም የለም። የመከላከያ ሥርዓቱ ገና ባልበሰለ ሕፃን ላይ ይህ ዝምታ ከባድ ውጤት አለው፤ በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ከሚያዙት ሕፃናት ከመቶ 90 የሚሆኑት ቫይረሱን ዕድሜ ልካቸውን ይሸከማሉ፤ በአዋቂነታቸው ከሚያዙት ግን በዚህ ሁኔታ የሚቀሩት ከመቶ ከ5 ያነሱ ናቸው። ከዓመታት በኋላ ጉበት ሲደርቅ ወይም ካንሰር ሲጀምር፣ ብዙዎች «የወፍ በሽታ ነው» ተብለው የአገር መድኃኒት ሲሞክሩ ቆይተው ሆስፒታል የሚደርሱት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን በአምስት ጥምር ክትባት ውስጥ አድርጋ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ የጥምር ክትባቱ የመጀመሪያ መጠን የሚሰጠው ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ነው። ከላይ ያልነው የሰዓት ጉዳይ እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ይታያል፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ቫይረስ ስድስት ሳምንት አይጠብቅም። እንዲሁም ዛሬ ጅማ ውስጥ ሠርተው የሚያድሩት አብዛኞቹ አዋቂዎች ክትባቱ ከመጀመሩ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ ነፍሰ ጡር እናቶች በቅድመ ወሊድ ክትትላቸው የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መደረጉን ቢጠይቁ መብታቸው ነው።

እስካሁን ያላነሣናቸው ሌሎቹ ፕሮቲኖች ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚያውቃቸውም እነዚህኑ ነው። ኢንተርፌሮን የቫይረሱን ዓይነት ሳይለይ በሰዓታት ውስጥ ሲነሣ፣ ፀረ እንግዳ አካላት ለአንድ ቫይረስ ብቻ ተለይተው የሚሠሩና ለመድረስም ቀናት የሚወስዱ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ትውስታቸው ለዓመታት ይቆያል። ይህ አካባቢ የትውስታውን ዋጋ በመራራ መንገድ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመታው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከከፉት አንዱ ሲሆን፣ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተበት ይገመታል። ማክስ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1937 ያበቃው ክትባት ያን ጊዜ በዓለም ላይ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተከተበም ነበር። የዚህ ክትባት አንድ መጠን አብዛኛውን ሰው በ10 ቀናት ውስጥ የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል ያስገኛል። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ፣ ፀረ እንግዳ አካላቱ እስኪደርሱ ድረስ ባሉት ቀናት ቫይረሱን በልክ የሚይዘው ኢንተርፌሮን ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2020 የተመራማሪው የዣን-ሎራን ካዛኖቫ ቡድንና ዓለም አቀፍ ተባባሪዎቹ በኮቪድ-19 ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ 987 ሕሙማንን ደም መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 101 የሚሆኑት የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያመክኑ ፀረ እንግዳ አካላት ነበሯቸው፤ ከ101ዱም 95ቱ ወንዶች ነበሩ። ሰውነት ለጠላት ያዘጋጀው ፕሮቲን የራሱን መልእክተኛ ሲይዝ ማለት ነው። ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው ሰፊ ጥናት እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ከ70 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ዘንድ በግልጽ እንደሚበዙ፣ በኮቪድ ከሞቱት ሰዎች አንድ አምስተኛ ገደማ በሚሆኑት ላይም እንደተገኙ አሳየ። ከቢጫ ወባ ክትባት በኋላ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ከባድ ሕመም የደረሰባቸው ስምንት ሰዎች ሲመረመሩም፣ ሦስቱ ይኸው ችግር ነበረባቸው። በኮቪድ ወረርሽኙ ወቅት አንዱ ቤተሰብ አባወራውን ሲያጣ ሌሎቹ በቀላል ጉንፋን ያለፉበት ሁኔታ ለብዙዎቻችን ሊገባን ያልቻለ ነገር ነበር፤ በከፊልም ቢሆን መልሱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

እንግዲያውስ ኢንተርፌሮኑን ከውጭ መስጠት አይበቃም ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረው የሶሊዳሪቲ ጥናት ሆስፒታል ለገቡ ከ2,000 በላይ የኮቪድ ሕሙማን ኢንተርፌሮን ቤታ ሰጥቶ ሞትን አለመቀነሱን አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው በብራዚልና በካናዳ የተካሄደ ጥናት ደግሞ ምልክት ከጀመራቸው ሰባት ቀን ላልሞላቸው፣ ገና ሆስፒታል ላልገቡ ሰዎች አንድ መርፌ ኢንተርፌሮን ላምዳ ሰጠ፤ ሆስፒታል የመግባት ወይም በድንገተኛ ክፍል ረጅም ክትትል የማስፈለግ ዕድል ከ5.6 በመቶ ወደ 2.7 በመቶ ወረደ። ሁለቱ የኢንተርፌሮን ዓይነቶች ይለያያሉ፤ ላምዳ በዋናነት የሚሠራው እንደ መተንፈሻ አካላት ባሉ ሽፋኖች ላይ በመሆኑ በመላ ሰውነት ላይ የሚያስከትለው ጣጣ ያነሰ ነው። ሆኖም በሁለቱ ጥናቶች መካከል ያለው ዋነኛው ልዩነት በእኔ ግምት የሰዓቱ ነው። ሆስፒታል የገባው ሕመምተኛ ሳንባውን የሚጎዳው በአብዛኛው ቫይረሱ ሳይሆን ከልክ ያለፈው ምላሽ በሆነበት ደረጃ ላይ ይገኛል።

የዴክሳሜታሶን ታሪክ የዚሁ ተቃራኒ ነው። ሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት፣ ይህ ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕሙማን ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን ግን ምንም ጥቅም አልሰጠም፤ ቁጥሩ ወደ ጉዳት ያዘነበለም ነበር። ዴክሳሜታሶን የመከላከያ ሥርዓቱን ምላሽ ሲያበርድ ኢንተርፌሮንንም አይለይም። ስለዚህ ጉንፋን ከጀመረው ሁለተኛ ቀኑ የሆነ ሰው «ነገ ሥራ አለብኝ» ብሎ ይህን መርፌ ሲወጋ፣ ትኩሳቱ መውረዱና ሰውነቱ መፍታታቱ እውነት ቢሆንም፣ የተሻለው የመሰለው መከላከያው ስለተፋዘዘ ነው። ይህ ልማድ በመድኃኒት ቤቶቻችንም ሆነ በክሊኒኮቻችን መቆም አለበት። ለትኩሳትና ለሕመም ማስታገሻ በተገቢው መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይበቃል።

አሞክሳሲሊንን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ያለ ቦታው በተወሰደ ቁጥር ግን መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል። ቪታሚን ሲም ጉንፋን ከጀመረ በኋላ ሲወሰድ ወጥ የሆነ ጥቅም አልታየበትም። የተመጣጠነ ምግብ ያጣ ሕፃን የመከላከያ ሥርዓቱ መዳከሙ ግን ጥርጥር የለውም፤ የእሱ መፍትሔ ምግብና በዘመቻ የሚሰጠው ቪታሚን ኤ እንጂ ማስታወቂያ የሚነገርለት እንክብል አይደለም።

የችግሩ ግማሽ የባለሙያው ችግር መሆኑንም መካድ አይገባም። በጅማ ዞን አንድ ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ባለሙያ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣለት መጀመሪያ ወባን ይመረምራል፤ ይህ ትክክል ነው፣ ሊቀርም አይገባም። ወባው ነጻ ሲሆን ግን ትኩሳቱ የቫይረስ ይሁን የባክቴሪያ የሚለይበት መሣሪያ ብዙ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ መስጠትን ከስሕተት የመዳኛ መንገድ አድርጎ ይወስደዋል። ቀደም ብለን ያነሣነው ኤምኤክስኤ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን በደም ውስጥ የሚጨምረው ኢንተርፌሮን ሲነሣ ስለሆነ፣ መጠኑ ከፍ ማለቱ የቫይረስ ምልክት ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ኤምኤክስኤንና በባክቴሪያ ሕመም በብዛት የሚጨምረውን ሲአርፒ የተባለ ፕሮቲን አንድ ላይ የሚለካ ፌብሪዲኤክስ የተባለ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተፈቅዷል፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል።

ምርመራው የተሞከረውና የተፈቀደው ግን በአብዛኛው ወባ በሌለባቸው አገሮች ነው። የወባ ተዋህሲም ኢንተርፌሮንን የሚያነሣ በመሆኑ፣ እዚያ የተገኘው ውጤት በጊቤ ሸለቆ ለሚኖር ገበሬም እንዲሁ ይሠራል ብሎ መውሰድ አይቻልም። ከወባ ምርመራ ጎን ለጎን፣ ወባው ነጻ በሆነው ሕመምተኛና ወባ በተገኘበት ላይ ለየብቻ መፈተሽ አለበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከሉ አማካይነት የአካባቢውን ነዋሪዎች ጤና ለዓመታት ሲከታተል የቆየ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለው ጥናት ሰውም ቦታም አለው፤ ከጥናቱ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው የምርመራው ዋጋ በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ በጀት የሚቻል መሆን አለመሆኑ ነው።